ምግብ በአሠሪው

ሲወስዱኝ እጄ ግሪስ በግሪስ ነበር። ሽንፋ ካለችው የመለዋወጫ ሱቄ ደጃፍ ላይ የአንድ ገበሬ የትራክተር ማረሻ ፈትቼ ብሎን እያጠበቅሁ ሳለ መኪና መጥታ አጠገቤ ቆመች። ጥቂት ቀደም ብሎ በተደረገ ስብሰባ ላይ ተነሥቼ፣ ከየቤታቸው ተወስደው ስለቀሩ ጎረቤቶቻችን አንድ ጥያቄ ጠይቄ ነበርና ለምን እንደመጡ አልጠፋኝም። «እጄን ልታጠብ» አልኳቸው። «እዚያ ትታጠባለህ» አለኝ አንደኛው። እዚያ ስደርስ ውሃ አልነበረም።

ያደረሱኝ ከኮኪት ወጣ ብሎ ወዳለ የሰሊጥ መጋዘን ነው። ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ መስኮት የሚባል ነገር የሌለው። ሰሊጡ ተጭኖ ካለቀ ወራት አልፎታል፤ ሽታው ግን አልወጣም። ጊዜው ግንቦት ማለቂያ ስለነበር ሙቀቱ ሰው ያፈላል። ከረፋዱ ጀምሮ ቆርቆሮው ይንጣጣል፤ እኛም ባዶ ጆንያ አንጥፈን፣ ሸሚዛችንን አውልቀን ግድግዳ ሳንነካ እንቀመጣለን። ግድግዳ የነካ ጀርባው ይቃጠላል። አንዳንዱ ሰው በሲሚንቶው ስንጥቅ የቀረውን ሰሊጥ በጥፍሩ እየለቀመ ይበላ ነበር። እኔም ለቅሜያለሁ።

ምርመራ እየተባልን በየተራ እንጠራለን፤ ስለ እሱ ብዙ የምለው የለኝም። የሄደው ሰው ሲመለስ ቦታውን ለቀቅ እናደርግለታለን፣ ውሃ ካለ እንሰጠዋለን፣ ማንም አይጠይቀውም። ከዚያ በቀር ኑሯችን የሆድ ጉዳይ ነበር። ጠዋት አንድ ዳቦና ሻይ ይሰጠናል። ማታ አንዳንዴ የሚመጣ፣ አንዳንዴ የሚቀር ንፍሮ አለ። ሰው የሚኖረው ከቤቱ በሚመጣለት ስንቅ ነው። ባለቤቴ በተገኘው ጭነት መኪና እየተንገላታች ከሽንፋ ትመጣ ነበር። ጠባቂዎቹ እንጀራዋን ገልጠው፣ ሽሮዋን በእንጨት አማስለው ያስገቡልኛል። ያቺን ሴት ዛሬም አመስግኜ አልጠግባትም።

ስንቅ የሚያመጣለት ያልነበረው ጎጃሜው ነው። ስሙን ብናውቅም እንደዚያ ነበር የምንጠራው። ቁመተ ረዥም፣ አጥንተ ሰፊ፣ ሠላሳ ዓመት ገደማ የሆነው ሰው ነው። ለአረም ሥራ ከደጋ በመኪና ተጭኖ ሲወርድ ኬላ ላይ መታወቂያ ጠየቁት። መታወቂያው ኪሱ ውስጥ ላብ አጥቦት ፎቶው ጠፍቷል። ፊት የሌለው መታወቂያ የማን ሰው እንደሆነ አይታወቅም ተብሎ ከነጓደኞቹ ገባ። ጓደኞቹ በየተራ ሲለቀቁ እሱ ቀረ።

ምግብ ሲቀርብ ጎጃሜው ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ና ብላ ሲባል «ጠግቤያለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ይላል። በአንድ ዳቦ የጠገበ ያን የሚያህል ሰው አይቼ አላውቅም። እኔ ደግሞ ቶሎ የምግል ሰው ነኝ። አንድ ቀን እንጀራ ጠቅልዬ ወደ አፉ ሳስጠጋው እጄን በቀስታ መለሰው።

«እንግዲያው ኩራትህን ብላ!» አልኩት ጮክ ብዬ።

«አትቆጣኝ ወንድሜ» አለኝ። «እናቴ ስትሞትም፣ በሬዎቼ ሲያልቁም የሰው እጅ አይቼ አላውቅም። ዛሬ እዚህ ታስሬ ልጀምር?»

ምን ይባላል? እንጀራውን ይዤ ወደ ጆንያዬ ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ እሱ በሚያየኝ ቦታ መብላት አስጠላኝ። አገጩ እየሾለ፣ ሱሪው እየሰፋ ሄደ፤ በገመድ ያስረው ጀመር። አንድ ጠዋት ለቆጠራ ቆመን ሳለ ሲሚንቶው ላይ ተዘረጋ። ደግፈን ስናነሳው «ፀሐዩ ነው» አለ። ፀሐይ ገና አልወጣችም ነበር። ይህ ሰው ዓይናችን እያየ በረሃብ ሊሞትብን እንደሆነ ሁላችንንም ያን ጊዜ ገባን።

ሐጂ ያን ሁሉ ከጥጋቸው ሆነው ይመለከቱ ነበር። ሐጂ የመተማ ዮሐንስ ነጋዴ ናቸው፤ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ጢማቸው በሂና የቀላ፣ ወገባቸውን የሚያማቸው ሽማግሌ። የታሰሩት መኪናቸው ለማይታወቁ ሰዎች እህል አድርሷል ተብለው ነው። «እህሌን የበላውን ሁሉ ባውቅ ኖሮ ነጋዴ ሳይሆን ጠንቋይ እሆን ነበር» ብለው ለመርማሪው መልሰውለት፣ ለዚያች መልስ ምን እንደደረሰባቸው ከእኔ በፊት የታሰረ ሰው ነግሮኛል። ቤታቸው ቅርብ ስለሆነ ስንቃቸው አይቋረጥም። ነገር ግን የሚመጣላቸው የእስላም ሥጋ ነው፤ ጎጃሜው የሰው እጅ ማየት ባይፈራ እንኳ ያንን አይነካም።

ጎጃሜው በወደቀ በማግሥቱ ይመስለኛል፣ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ወረደ። በመጋዘኑ የኋላ ግድግዳና በእሾህ አጥሩ መካከል አንድ ቀጭን መሬት አለች፤ ጥቁር ዋልካ ነው። ጠዋት ወደዚያ ለመጸዳዳት ስንወጣ ጭቃው ጫማችንን ይውጠው ነበር። ሐጂ ቆመው መሬቲቱን ብዙ አዩአት። ስንገባ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተጣሩ።

«አንተ ጎጃሜ!»

«አቤት ሐጂ።»

«ሥራ ትፈልጋለህ?»

ሰው ሁሉ ሣቀ። ጎጃሜው አልሣቀም፤ ቀና ብሎ ተቀመጠ።

«የምን ሥራ?»

«ከኋላ ያለውን መሬት አላየኸውም? ዝናቡ ገባ እኮ። እኔ ጉልበቴ አልቋል። ባሚያ ላስዘራ ነውና ሳሉግ እፈልጋለሁ።»

በእኛ ቆላ ለአረምና ለአጨዳ ከደጋ የሚወርደውን ሠራተኛ ሳሉግ እንለዋለን። ሳሉግ የቀጠረ ሰው የሠራተኛው ምግብ በእሱ ነው። ዱቄቱን፣ ዘይቱን፣ ጨውን ባለ እርሻው ያቀርባል፤ ሠራተኛው ያንን ሲበላ አንገቱን አይደፋም። እንዲያውም ምግቡ ከጎደለ አፉን ሞልቶ ይሳደባል፣ የሚያፍረው ባለ እርሻው ነው። ይህን ደንብ ጎጃሜውም ያውቀዋል፤ ለዚያ ነበር የመጣው።

«ክፍያውስ?» አለ።

«ክፍያው ምግብህ ነው። እስረኛ ነኝ፣ ከዚህ በላይ አትጠይቀኝ።»

«ሥጋውን አልነካም።»

«ማን ሥጋ አለህ? የማሽላ ዱቄትና ዘይት አስመጣለሁ፣ ራስህ ታበስላለህ። ባሚያ ደግሞ እስላምም ክርስቲያንም አይደለም።»

«ጠዋትም ማታም?»

«ጠዋትም ማታም።»

«እሑድ አልሠራም። ሚካኤል፣ ማርያም፣ ጊዮርጊስ፣ መድኃኔ ዓለም…»

«በል ይበቃል!» አሉ ሐጂ። «ታዲያ የምትሠራው መቼ ነው?»

ጎጃሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሥቅ ያየሁት ያኔ ነው። ጥርሱ ሰፊ ነበር። ምስክር ይኑር ብሎ ወደ እኔ ጠቆመ፤ ሐጂ ደግሞ «እሱ ካቦ ይሁን፣ ሲሰንፍ ይጩህበት» ብለው ሾሙኝ።

ዱቄቱ ገና አልመጣም። ምሳ ሰዓት ላይ ሐጂ «ካቦ፣ ለሠራተኛዬ ምሳ አበድረኝ» አሉኝ። የባለቤቴን እንጀራ በሽሮ ለሐጂ ሰጠሁ፤ ሐጂ ለጎጃሜው አሳለፉለት። ከእጄ አልቀበልም ያለው ያው እንጀራ ነው። አማተበና በላ። ሳይቸኩል፣ ጠርዙን እየቆረሰ፣ ሲጨርስ ሳህኑን በጣቱ ጠርጎ በላ። ፊቴን አዙሬ አለቀስኩ። ስለ ሐጂ ነው ያለቀስኩት፤ ሰው ሰውን ሳያሳፍር እንዲህ ሊያበላ ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ዘሩን የሐጂ ባለቤት በጨርቅ ቋጥረው አመጡት። በር ላይ የነበረው ጠባቂ ፈትቶ አየው፤ የቋራ ልጅ ነው፣ እነ ገለጉ አካባቢ ያደገ። «ይኸ ባሚያ፣ ይኸ ዱባ» ብሎ በጣቱ ለየውና ቋጥሮ መለሰው። የጠባቂዎቹ አዛዥም፣ አጥሩን የሚሸፍን ረዥም ነገር እንዳይበቅል ብሎ ማሽላና በቆሎ ከለከለ፤ የቀረውን ፈቀደ። ዶማ ግን አይሆንም አለ። እኔ በብረት አልታማም፤ ግቢው ጥግ ከተጣለ ቁርጥራጭ መሀል የማረሻ ዲስክ ስባሪ አገኘሁና እንጨት አሰርኩበት። ጠዋት ከጠባቂው እንቀበላለን፣ ማታ እንመልሳለን።

ሰኔን ጎጃሜው ያችን ቀጭን መሬት ገለባበጣት። ከጣሪያው የሚወርደውን ውሃ በትንሽ ቦይ ወደ መደቦቹ መራው። ሐጂ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ያዛሉ፣ እኔ እንደ ደንቡ እጮኻለሁ፣ እሱ ሁለታችንንም አይሰማም። ባሚያው ሳምንት ሳይሞላው አፈሩን ሰንጥቆ ወጣ። ከእሱ ጋር ማንም ያልዘራው ሰሊጥም በቀለ፤ ከመጋዘኑ የተጠረገው ትቢያ ውስጥ የነበረ ነው። ሐምሌ የአረም ወር ነበር። ሐጂ ግን ከአረሙ መሀል «ይህችን አትንካ» እያሉ ኩድራ የምትባለውን ቅጠል ያስቀሩ ነበር። ድንበሩን ተሻግሮ የመጣ ሰው ሁሉ የሚያውቃት፣ ስትበስል የምትለጠለጥ ጎመን ናት። የመጀመሪያው ድስታችን የእሷ ነው። ድስት ስል የዘይት ቆርቆሮ ነው፤ እሳቱም የሰሊጥ አገዳ።

ጎጃሜው ቀምሶ አፉን ሰበሰበ። «ይኸ ምን ሙልጭልጭ ነገር ነው? አፌ ውስጥ አልቆም አለኝ እኮ።»

«አታኝከው፣ አሳልፈው» አሉ ሐጂ። «በአሠሪ ምግብ ላይ ነቀፋ አበዛህ።»

ነሐሴ ላይ ባሚያው አበበ፤ አበባው ቢጫ ሆኖ መሀሉ የጠቆረ ነው። ፍሬ ሲይዝ ግን ጎጃሜው አልቀጥፍም አለ። በአገሩ ባቄላም አተርም ሞልቶ ነው የሚነቀለው፤ ገና ጣት የሚያህል ፍሬ መቁረጥ ጨቅላ እንደመግደል ሆኖበት ነበር። ሐጂ ወገባቸው ታሞ ጥቂት ቀን ሳይወጡ ቀሩ። ወጥተው ሲያዩ ፍሬው ክንድ ሊያህል ደርሶ እንጨት ሆኗል፣ ተክሉም ማበብ አቁሟል። ጎጃሜው አጠገቡ በኩራት ቆሟል።

«ወይ ጉድ!» አሉ ሐጂ። «የምን በር ልትሠራበት ነው?» ከዚያ ተቀምጠው እያሳዩ አስረዱት። ባሚያ በየቀኑ ካልቆረጡት ሥራዬን ጨርሻለሁ ብሎ ያቆማል፤ በለጋው ሲቆርጡት ግን ገና አላደረስኩም እያለ ሲያፈራ ይከርማል። ጎጃሜው እንጨት የሆነውን ለዘር አስቀረ፣ ሌላውን ቆረጠ። በሳምንቱ እንደገና አበበ። ከመስከረም እስከ ጥቅምት የሚበላ ያልጠፋበት ቀን የለም። ሐጂ ሙፍራካ በምትባለው ባለ ሹካ እንጨት ወጡ እንዴት እንደሚበጠበጥ አስተማሩን። በማሽላ ገንፎ፣ በበርበሬ፣ በጥቂት ዘይት በላነው። ዱባው በአጥሩ ላይ ሲንጠለጠል እየቀቀልን ለሁሉም አዳረስነው። የጎጃሜው ሱሪ ተመልሶ ጠበበ። ጠባቂዎቹም ሳይቀሩ «ምን ሠርታችኋል ዛሬ?» እያሉ ብቅ ይሉ ጀመር።

ዝናቡ ሲያቆም የተረፈውን ባሚያ በቀጭኑ ከትፈን፣ በክር ሰክተን ከመጋዘኑ ብረት ላይ ሰቀልነው። ደርቆ ሲወቀጥ ወይካ የምንለው እሱ ነው፤ ዓመት ይቆያል። ኅዳር ላይ ቲማቲም ዘራን። ውሃው በአህያ ጋሪ በበርሜል ስለሚመጣ ለሰው እንኳ አይበቃም ነበር። አንድ ቀን ሐጂ ለሰላት የሚታጠቡበትን ቦታ ቀይረው ቲማቲሙ ሥር ሄዱ። እጃቸውን፣ አፋቸውን፣ ፊታቸውን፣ ክንዳቸውን፣ እግራቸውን ሲታጠቡ ውሃው ሥሩ ላይ ይወርዳል። ሌሎቹም እስላሞች ተከተሏቸው፤ እያንዳንዱ የራሱን መስመር ያዘ። እኛም ክርስቲያኖቹ ፊታችንን እዚያው መታጠብ ጀመርን። ያን በጋ ከዚያ ቲማቲም የበለጠ ንጹሕ ነገር የቀመስኩ አይመስለኝም።

ጥር ላይ የሐጂ ስንቅ ቀረ። መጀመሪያ መንገድ ተዘጋ ተባለ። በኋላ ጠባቂው እንደነገረን ሱቃቸው ታሽጓል፣ ወንዶች ልጆቻቸው ድንበሩን ወደ ማዶ ተሻግረዋል፣ ባለቤታቸው ታመው ጎንደር ሴት ልጃቸው ዘንድ ገብተዋል። ሐጂ ይህን በሰሙ በማግሥቱ ጎጃሜውን ጠሩት።

«ሥራህን ወድጄልሃለሁ» አሉት። «ግን ከነገ ጀምሮ ተሰናብተሃል። ማብላት የማይችል ሰው ሠራተኛ አይዝም።»

ጎጃሜው እጅ ነሥቶ ሄደ። ዲስኩን ግን ጠዋት እንደ ልማዱ ተቀብሎ ወጣ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐጂ «ጾም ነኝ» ማለት ጀመሩ። ያለፈ ረመዷን ታምሜ የቀረብኝን ነው የምከፍለው አሉ። ጾመኛን ማን ይጫነዋል? ቀኑን ሙሉ ቁርኣናቸውን በቃላቸው ሲያነበንቡ ይውላሉ። ፀሐይ ስትጠልቅ ከጠዋቷ ዳቦ ያስቀሯትን ግማሽ በውሃ ይበላሉ። እኔ ከስንቄ ሳቀርብላቸው «ሆዴ ለምዶታል፣ ብዙ ሲገባበት ያመኛል» ይሉኛል። እውነት መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ግን ሰው ሲበላ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው አየሁ። ጎጃሜው አይቷቸዋል፤ ዓይን ለዓይን ተያየን። ሐጂ በዚያ ዕድሜያቸው በግማሽ ዳቦ ሙቀቱን አያልፉትም ነበር። ሁሉን የመገበ እጅ ደግሞ ለመቀበል አልዘረጋ አለ። ብንለምናቸው ይበልጥ እንደሚዘጉ ከጎጃሜው ተምሬያለሁና ልመናውን ተውኩት።

የካቲት መግቢያ ላይ፣ ጠዋት፣ ጎጃሜው የሸሚዙን ቁልፎች ሁሉ ቆልፎ፣ ጋቢውን አጣፍቶ ሐጂ ፊት ቆመ። የታሰረ ሰው ሳይሆን የመሬት ባለቤት ደጅ የደረሰ ገበሬ ይመስል ነበር።

«ሐጂ፣ እንደምን አደሩ። ምርቱ ደርሷል፣ ይምጡና ይካፈሉ።»

«የምን ምርት?»

«የእኩሉ ምርት ነዋ። እኔ እኩል አራሽዎ ነኝ።»

ሐጂ ዓይናቸውን አጠበቡ። «ሳሉጌ ነበርክ፣ እሱንም አሰናብቼሃለሁ። እኩል አራሽ መቼ ሆንክ?»

«ካሰናበቱኝ ቀን ጀምሮ። ከዚያ ወዲህ ማን ኮተኮተ? ማን ውሃ አጠጣ? የተሰቀለውን ወይካ ማን ከአይጥ ጠበቀ? ጉልበቱ የእኔ ነው። ዘሩ የማን ነው?»

«ዘሩ… የእኔ ነው።»

«መሬቱን ማን መርጦ ሰጠኝ?»

ሐጂ ጢማቸውን ያዙ።

«በእኛ አገር ዘርና መሬት ከአንዱ፣ ጉልበት ከሌላው ከሆነ ምርቱ እኩል ነው። ባለ መሬቱ ድርሻውን ሳያነሣ አራሹ አይነካም፤ የእናቴ አጥንት ይውጋኝ አልነካም። አይ ካሉ እዚያው ተሰቅሎ ይበስብስ፣ እኔም እንደከረምኩት በዳቦዬ እቆያለሁ።»

ለካ ወይካውን «አትንኩ፣ ይቆይ» እያለ ሲከለክለን የከረመው ለዚህ ኖሯል። ሐጂ እጃቸውን ዘርግተው አስነሱኝ አሉ፤ ደግፌ ወሰድኳቸው።

ጎጃሜው ሁለት ጆንያ አነጠፈ። ወይካውን፣ የቀረውን ዱባ፣ የበሰለውን ቲማቲም፣ ከአጥሩ ሥር የታጨደችውን ትንሽ ሰሊጥ ሳይቀር ከፍሎ ሁለት ክምር አደረገ። በአገሩ የሚከፍለው አራሹ፣ አስቀድሞ የሚመርጠው ባለ መሬቱ ነው። አንደኛውን ክምር አውቆ ሞላ አድርጎታል፤ ለማየት ነጋዴ መሆን አያስፈልግም። ሐጂ ጎንበስ ብለው ሁለቱንም በእጃቸው ዳሰሱና ወደ ትንሹ ጠቆሙ።

«ይኸ የእኔ ነው።»

«እሱ አይሆንም፣ ባሚያው የጠነከረ ነው። ያኛውን ይውሰዱ።»

«ምርጫው የማን ነው?»

«የእርስዎ ነው፣ ግን ተሳስተዋል።»

«ተሳስተዋል!» ሐጂ ጮኹ። ከጥር ወዲህ እንደዚያ ያለ ድምፅ አልወጣቸውም። «አርባ ዓመት ክምር ሳይ የኖርኩ ሰው ነኝ! አንተ ልታስተምረኝ ነው? ባሚያ ክንድ እስኪያህል የሚጠብቅ ጎጃሜ!»

«በደንቡ ይናገሩ እንጂ አገሬን አይንኩ!»

«አገርህን ማን ነካ? አከፋፈልህን ነው የነካሁት!»

የቋራው ጠባቂ በጩኸቱ ደንግጦ ጠመንጃውን እንደያዘ ገባ። «ምንድን ነው ጠቡ?» አለ። «ክፍፍል ነው» አልኩት፤ ሣቄን መያዝ አቅቶኛል። ሁለቱን ክምር አየ። ጠመንጃውን ወደ ጀርባው አዞረና ቁጢጥ አለ። ከትልቁ ክምር አንድ እፍኝ ወይካ አንሥቶ ወደ ትንሹ ጨመረ። አንድ ቲማቲምም አዛወረ። «አሁን እኩል ነው» ብሎ፣ እጁን አራግፎ ወጣ።

ሐጂ ጥምጣማቸውን ፈቱ። ድርሻቸውን በእሱ ቋጠሩት፤ ከታሰሩ ወዲህ ራሳቸውን ተገልጠው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ ከቋጠሮው ወይካ አውጥተው በእጃቸው ፈተጉ። እሳቱን ጎጃሜው አነደደ። ወጡ ሲደርስ ሐጂ ቢስሚላህ ብለው እጃቸውን ሰደዱና ጠግበው በሉ። ከዚያ «ካቦ፣ አንተስ ምን ትጠብቃለህ? ከእኔ ድርሻ ነው፣ ብላ» አሉኝ። በላሁ።

ሚያዝያ ላይ «ሂድ» ብለው ለቀቁኝ። ሁለቱ ከእኔ በኋላ ወጡ። ሐጂ ዛሬም በሕይወት አሉ፤ ሱቃቸው ተመልሶ ተከፍቷል፣ ዕቃው ግን እንደ ድሮው አይደለም። ጎጃሜው አገሩ ገብቶ በየበዓሉ ይደውላል። የጠፋብኝን ዓመት ማንም አይመልስልኝም፤ አንዳንድ ሌሊትም ቆርቆሮ ሲንጣጣ እነቃለሁ። ግን ያን ዓመት ሳስብ ከምሬቱ ይልቅ ምስጋናው ይቀድመኛል። የዚያች ቀጭን መሬት ባለ ዕዳ ነኝ፣ የሁለቱም ሰዎች ጭምር። ከታሰርኩበት የወጣሁት ሰው ሆኜ ከሆነ በእነሱ ነው።

አሁን ከቤቴ ጀርባ እኔም እተክላለሁ። ባለፈው ክረምት አንዲት ሴት አጥሬ ላይ ቆመች። ከድንበሩ ማዶ ጦርነቱ ሲነሣ ሸሽተው ከመጡት አንዷ ናት። ልብሷ ንጹሕ ነው፣ ከንፈሯ ደርቋል። ውሃ ብቻ ለመነችኝ። ቀድቼ ሰጠኋት፤ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠችው። ምሳ ልበላ ነበርና ግቢ ልላት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ተውኩት።

«እህቴ» አልኳት፣ «ዛሬ ካልተቆረጠ የሚያረጅብኝ ባሚያ አለ፤ ብቻዬን አልደርስበትም። ታግዢኛለሽ? ምግብ በእኔ ነው።»

ብርጭቆውን መለሰችልኝ። ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ፤ ከኋላዬም ጓሮውን አየች።

«ምግቡ ምንድን ነው?» አለች።

«ወጥ በእንጀራ።»

«ዘይት አለው?»

«አለው።»

እጅጌዋን ሰብስባ ገባች።